ከድጡ ወደ ማጡ እንዳንሄድ፦ የተራራ ብስክሌት ጎማ አመራረጥ

በዚህ ሳምንት ከቤት ወጣ ብለን ወደ ጫካና ወደ ተራራ እንሄዳለን። የምናነሣው ጉዳይ የተራራ ብስክሌት ጎማ ነው።

ብስክሌት ሲገዛ ብዙ ሰው የሚያየው ቀለሙን፣ ማርሹንና ፍሬኑን ነው። ጎማውን ልብ ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው። ነገር ግን ከብስክሌቱ ሁሉ መሬት የሚነካው ጎማው ብቻ ነው። እያንዳንዱ ጎማ መሬት የሚነካበት ቦታ ደግሞ ከእጅ መዳፍ ያንሳል። ቁልቁለት ስትወርዱ፣ ኩርባ ላይ ስትዞሩ፣ ፍሬን ስትይዙ ከመውደቅ የሚያድናችሁ ይህ ትንሽ ቦታ ነው። ስለዚህ ጎማ መምረጥ የውበት ጉዳይ አይደለም፤ ወድቆ የመሰበርና በሰላም ወደ ቤት የመመለስ ጉዳይ ነው። የገንዘብም ጉዳይ ነው። አንድ ጥሩ የአዋቂ ጎማ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 90 ዶላር ያወጣል። ለመሬቱ የማይሆን ጎማ ከሆነ ውድነቱ ምንም አይጠቅምም።

አማርኛ «ከድጡ ወደ ማጡ» የሚል አባባል አለው። ከአንድ ችግር ሸሽቶ ወደ ባሰ ችግር መግባት ማለት ነው። የሁለቱን ቃላት ትርጉም ለይተን እንያቸው። ድጥ የሚያንሸራትት እርጥብ መሬት ነው፤ ላዩ ይሙለጨለጫል፣ እግር አይጸናበትም። ማጥ ደግሞ እግርን ውጦ የሚይዝ ጥልቅ ጭቃ ነው። ሁለቱም እርጥብ መሬት ናቸው፤ ግን አንድ አይደሉም። ለድጥ የሚሆን ጎማና ለማጥ የሚሆን ጎማም አንድ አይደለም። የዛሬው ጽሑፋችን ዋና ሐሳብ ይህ ነው፦ ጎማውን ከመምረጣችሁ በፊት መሬቱን እወቁ።

መጀመሪያ አፈሩን እዩ

ጥሩ የብስክሌት ሻጭ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «የት ነው የምትነዱት?» ብሎ ነው። የከተማ ስም ብቻ መንገር አይበቃም። በአንድ ከተማ ዙሪያ ሁለት መንገዶች ሁለት ዓይነት አፈር ሊኖራቸው ይችላል። ስለዚህ ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ብዙ ጊዜ ወደምትነዱበት የጫካ መንገድ ሂዱና አፈሩን እዩ።

ቀላል ሙከራ አለ። ከመንገዱ ዳር አንድ እፍኝ አፈር አንሡ። ጥቂት ውኃ ጠብ አድርጉበትና እሹት። ከዚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ፊት ግፉት። እንደ ጥብጣብ ረዘም ብሎ ከወጣ ሸክላ የበዛበት አፈር ነው። ምንም ሳይያያዝ ከተበተነ አሸዋማ ነው። ትንሽ ተያይዞ ቶሎ ከተቆረጠ የሁለቱ ድብልቅ ነው፤ ለብስክሌት ከሁሉ የሚመቸውም ይህ ነው። ከዚያ ዙሪያውን ተመልከቱ። የዛፍ ሥር አለ? ድንጋዩ የተተከለ ነው ወይስ የሚንከባለል? ከዝናብ በኋላ ውኃው ይሄዳል ወይስ ይቆማል?

ገጠር ያደገ አባት፣ እናት ወይም አያት ካላችሁ ይህን ሙከራ አብራችሁ አድርጉት። ገጠር ያደጉ ሰዎች ዋልካን፣ ቀይ አፈርን፣ ኮረትንና አሸዋን ብዙ ጊዜ በዓይን ብቻ ይለያሉ። ዋልካ በኢትዮጵያ ደጋ ሜዳዎች ላይ የሚገኝ ጥቁር አፈር ነው። ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ሲረጥብ ጫማ ላይ እየተለጠፈ እግርን ያከብዳል። ጎማም ከእንዲህ ዓይነት አፈር ጋር ሲገናኝ የሚገጥመው ችግር ይኸው ነው። ልጁ ብስክሌቱን ያውቃል፤ ወላጁ አፈሩን ያውቃል። ጥሩ ጎማ ለመምረጥ የሁለቱም ዕውቀት ያስፈልጋል።

በጎማው ላይ የምናያቸው አራት ነገሮች

አንደኛው ጥርስ ነው። ከጎማው ላይ ወጣ ወጣ ያሉት የላስቲክ ጉብታዎች ጥርስ ይባላሉ። አጫጭርና የተጠጋጉ ጥርሶች በደረቅና በጠንካራ መሬት ላይ ፈጣን ናቸው። ረጃጅም ጥርሶች ለስላሳ አፈር ውስጥ ገብተው ይነክሳሉ። የተራራቁ ጥርሶች ደግሞ ጭቃው በመካከላቸው እንዳይጠቀጠቅ፣ ጎማው ሲዞር እየተፈናጠረ እንዲወድቅ ያደርጋሉ። በተለይ ዳርና ዳር ያሉትን ጥርሶች እዩ። ብስክሌቱ በኩርባ ላይ ጋደል ሲል መሬቱን የሚይዙት እነሱ ናቸው።

ሁለተኛው የላስቲኩ ልስላሴ ነው። ለስላሳ ላስቲክ በእርጥብ ድንጋይና በዛፍ ሥር ላይ የተሻለ ይይዛል። ነገር ግን ቶሎ ያልቃል፤ ፔዳል ስትመቱም ይከብዳል። ጠንካራ ላስቲክ ረጅም ጊዜ ያገለግላል፣ ቀለል ብሎም ይሄዳል፤ በእርጥብ ነገር ላይ ግን ይንሸራተታል።

ሦስተኛው የጎማው ጎን ነው። ስስ ጎን ያለው ጎማ ቀላል ነው፤ ስለታም ድንጋይ ግን ሊቀደው ይችላል። ወፍራም ጎን ያለው ጎማ ይከብዳል፤ ድንጋይ ግን ይችላል። ክብደታቸው ትንሽ የሆነና ቀስ ብለው የሚነዱ ልጆች ብዙ ጊዜ እጅግ ወፍራም ጎማ አያስፈልጋቸውም። ከባድ ጎማ ዳገት ላይ ያደክማቸዋል።

አራተኛው ስፋት ነው። ለፍጥነትና ለረጅም ጉዞ የሚሆኑ የተራራ ጎማዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ2.2 እስከ 2.4 ኢንች ስፋት አላቸው። ድንጋይና ቁልቁለት ለበዛበት መንገድ ከ2.4 እስከ 2.6 ኢንች የተለመደ ነው። ሰፊ ጎማ ብዙ አየር ስለሚይዝ ንዝረትን ይቀንሳል።

ስድስት ቦታዎች፣ ስድስት መሬቶች

አሁን እነዚህን አራት ነገሮች ይዘን የአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች በሚኖሩባቸው አገሮች ያሉ ስድስት ቦታዎችን እንይ። የእናንተ ቦታ እዚህ ከሌለ መሬታችሁን የሚመስለውን ፈልጉ።

ሰሜን ቨርጂኒያ። በፌርፋክስ ካውንቲ፣ በኦኮኳን የውኃ ማጠራቀሚያ ዳር፣ ፋውንቴንሄድ የሚባል ፓርክ አለ። አፈሩ ሸክላ የበዛበት ነው። ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል፤ ሲረጥብ ድጥ ይሆናል። ለደረቁ ጊዜ መካከለኛ ቁመትና መካከለኛ ርቀት ያላቸው ጥርሶች፣ 2.4 ኢንች አካባቢ የሆነ ስፋት ጥሩ ነው። በመጸው የረገፈ ቅጠል የዛፍ ሥሮችን ስለሚሸፍን ከፊት ጠንካራ የጎን ጥርስ ያለው ጎማ ይረዳል።

ሜሪላንድ። ከዚያ ወደ ሰሜን ከአንድ ሰዓት በላይ በመኪና ስትሄዱ፣ በፍሬደሪክ ከተማ አጠገብ የጋምብሪል ፓርክን ታገኛላችሁ። እዚህ ዋናው ነገር አፈር ሳይሆን ድንጋይ ነው። የተተከለ፣ የተሰባበረ፣ አንዱ ከሌላው ከፍ ያለ ድንጋይ ይበዛል። እዚህ ሰፊ ጎማ፣ ወፍራም ጎንና ለስላሳ ላስቲክ ያስፈልጋል። በፋውንቴንሄድ ደስ ያሰኛችሁ ስስ ጎማ እዚህ ቶሎ ሊቀደድ ይችላል። አካባቢው አንድ ነው፤ መሬቱ ግን ሁለት ነው።

ሲያትል። ከከተማው በስተምሥራቅ፣ በኢሳኳ አካባቢ፣ የታይገር ተራራ የብስክሌት መንገዶች አሉ። ደኑ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ በቀዝቃዛው ወቅት ዝናቡ ብዙ ነው፤ የዛፍ ሥሩም በየመንገዱ ተጋድሟል። እርጥብ ሥር የድጥ ሁሉ ድጥ ነው። ጥርስ ወደ ውስጡ ሊገባ አይችልም፤ ስለዚህ ረጅም ጥርስ ብቻውን አያድንም። የሚረዳው ለስላሳ ላስቲክና ያልተወጠረ ጎማ ነው። አነዳዱም ይረዳል፦ ሥሩን ቀጥ ብላችሁ ተሻገሩት፤ በላዩ ላይ ሳላችሁ ፍሬን አትያዙ፤ መሪውንም አታጥፉ።

ኮሎራዶ። ከዴንቨር ደቡብ ምዕራብ ባፋሎ ክሪክ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ግራናይት የሚባለው አለት በብዙ ዘመን ተፈርፍሮ ሸካራ አሸዋና ጠጠር ሆኗል። ከሥሩ ጠንካራ መሬት፣ ከላዩ የሚንከባለል ጠጠር ነው። በሊሾ ወለል ላይ ሽምብራ ቢፈስና ሰው ቢራመድበት ምን እንደሚሆን አስቡ። እንዲህ ባለ ቦታ የጎን ጥርሶቹ ጠንካራና ጎላ ያሉ፣ ከ2.4 እስከ 2.6 ኢንች ስፋት ያለው ጎማ ከፊት ይደረጋል። በዴንቨር ዙሪያ ባለው ሜዳ ላይ ደግሞ ኩርንችት የሚመስል እሾህ አለ። ትንሽ ነው፤ ጎማ ግን ይበሳል። መፍትሔውን ስለ ንፋት ስንነጋገር እናያለን።

ለንደን። ከከተማው በስተደቡብ ምዕራብ ያሉት የሰሪ ኮረብታዎች በብስክሌት ነጂዎች ዘንድ የታወቁ ናቸው። በቀዝቃዛው ወቅት ዝናብ ሲበዛ ብዙ ቦታው ማጥ ይሆናል። ለማጥ የሚሆነው ጎማ ጠበብ ያለ፣ ጥርሶቹ ረጃጅምና የተራራቁ ነው። ጠባብ ጎማ ጭቃውን ሰንጥቆ ከሥር ያለውን ጠንካራ መሬት ይፈልጋል። ሰፊና ጥርሱ የተጠጋጋ ጎማ ግን ጭቃውን ጠቅልሎ ይይዛል። ጥቂት ከተጓዘ በኋላ ጥርሱ አይታይም፤ ክብ ጭቃ ሆኗል ማለት ነው። ይህንኑ የጭቃ ጎማ በጋምብሪል ድንጋይ ላይ ብትነዱት ደግሞ ረጃጅም ጥርሶቹ ይጎብጣሉ፤ ኩርባ ላይ ይከዷችኋል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

ሐታ። በዱባይ ኢሚሬት፣ በሐጃር ተራሮች መካከል፣ ለተራራ ብስክሌት የተሠሩ መንገዶች አሉ። መሬቱ ደረቅ ነው፤ ድንጋዩ ስለታም ነው፤ ጭቃ የለም ማለት ይቻላል። ረጅም የጭቃ ጥርስ እዚህ ጥቅም የለውም፤ በድንጋዩ ላይ እየተቆረሰ ያልቃል። አጠር ያሉና የተጠጋጉ ጥርሶች፣ ከሁሉም በላይ ወፍራም ጎን ያስፈልጋል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ወቅቶች ስም አንድ ነገር ልብ በሉ። በኢትዮጵያ ክረምት ማለት የዝናብ ወቅት ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ይደርሳል። በጋ ደግሞ ደረቁ ወቅት ነው። እዚህ በውጭ አገር ግን ብዙዎቻችን በረዶ የሚወርድበትን ወቅት ክረምት እንለዋለን። ስለዚህ በሐምሌ ወይም በነሐሴ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ አዲስ አበባ ብትሄዱና በእንጦጦ ብስክሌት ለመንዳት ብታስቡ፣ እናንተ ያላችሁበት አገር ደረቅና ሞቃት ቢሆንም እዚያ ያለው ዝናብና ጭቃ ነው። የወቅቱን ስም ሳይሆን መሬቱን ጠይቁ።

የፊትና የኋላ ጎማ ሥራቸው ይለያያል

ብዙ ሰው ሁለት አንድ ዓይነት ጎማ ይገዛል። የግድ አይደለም። የፊት ጎማ አቅጣጫ ይመራል፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዙም ትልቁን ጭነት የሚሸከመው እሱ ነው። የኋላ ጎማ ደግሞ እናንተ ፔዳል ስትመቱ ወደ ፊት ይገፋል፤ ቶሎ የሚያልቀውም እሱ ነው።

የኋላው ጎማ ቢንሸራተት ብዙ ጊዜ ብስክሌቱ ትንሽ ወዝወዝ ብሎ ይስተካከላል። የፊቱ ቢንሸራተት ግን አብዛኛውን ጊዜ ነጂው መሬት ላይ ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁ ለአንድ ጥሩ ጎማ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለፊት ግዙ። ከፊት ጥርሱ ጎላ ያለ፣ ላስቲኩ ለስላሳ የሆነ፤ ከኋላ ጥርሱ አጠር ያለ፣ ላስቲኩ ጠንከር ያለ ይሁን።

ለቤተሰብ በጀት የሚረዳ ዘዴም አለ። የኋላው ጎማ ጥርሱ ሲያልቅ፣ የፊቱ ገና ደህና ከሆነ የፊቱን ወደ ኋላ አዙሩትና አዲሱን ከፊት አድርጉ። እንዲህ ስታደርጉ አዲሱ ጎማ ሁልጊዜ በጣም በሚያስፈልግበት ቦታ ይሆናል። ስትገጥሙት በጎማው ጎን ላይ ያለውን ቀስት እዩ። ቀስቱ ጎማው የሚዞርበትን አቅጣጫ ያሳያል። የፊትና የኋላ አቅጣጫው የሚለያይበት ጎማም ስላለ ጽሑፉን አንብቡ።

ንፋቱ ከስሙ ይበልጣል

በ1888 ጆን ቦይድ ደንሎፕ የሚባል ስኮትላንድ የተወለደ የእንስሳት ሐኪም በቤልፋስት ከተማ ይኖር ነበር። በአየር የተነፋ ጎማ ሠርቶ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በዚያ ዓመት ነው። የሠራው ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ነበር። የዚያ ዘመን ብስክሌት ጎማ ደረቅ ላስቲክ ስለነበረ ሸካራ መንገድ ላይ ያንገጫግጭ ነበር። ከእሱ በፊት ሮበርት ዊልያም ቶምሰን የሚባል ሌላ ስኮትላንዳዊ በ1845 ተመሳሳይ ሐሳብ አስመዝግቦ ነበር፤ በሰፊው ሥራ ላይ የዋለው ግን ከደንሎፕ በኋላ ነው። የጎማ ጥቅም በውስጡ ባለው አየር ላይ መሆኑን ያኔ አይተውታል። ዛሬም ያው ነው። ለመሬታችሁ የተመረጠ ጎማ እንኳ ከመጠን በላይ ከተነፋ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየነጠረ መሬቱን ይለቃል።

የአየር ግፊት በፒኤስአይ ወይም በባር ይለካል። አንድ ባር ወደ 14.5 ፒኤስአይ ነው። በአውራ ጣት ተጭኖ መገመት አያስተማምንም፤ የአየር መለኪያ ግዙ። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው፣ 2.4 ኢንች ስፋት ያለው ቱብለስ ጎማ ቢኖረው፣ ከፊት 22 ከኋላ 25 ፒኤስአይ ጥሩ መነሻ ነው። ቱብለስ ማለት በውስጡ ከመነዳሪ የሌለው ጎማ ነው። ከመነዳሪ ያለው ከሆነ ከዚህ በጥቂቱ ከፍ ይበል፤ አለበለዚያ ከመነዳሪው በድንጋይና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ ይቀደዳል። ልጆች ክብደታቸው ትንሽ ስለሆነ ከአዋቂ ያነሰ ንፋት ይበቃቸዋል። የአባትን ብስክሌት በነፋችሁበት ልክ የልጁን አትንፉ። በጎማው ጎን ዝቅተኛና ከፍተኛ ቁጥር ከተጻፈ በሁለቱ መካከል ሁኑ።

ከመነሻው በኋላ ልኩን የምታገኙት በመሞከር ነው። አንድ አጭር መንገድ ምረጡ፤ ኩርባም ድንጋይም ይኑረው። ንዱት፤ አንድ ፒኤስአይ ቀንሱ፤ እንደገና ንዱት። ጎማው መሬቱን እየያዘ፣ ንዝረቱ እየቀነሰ ሲመጣ ይሰማችኋል። ቸርኬው ድንጋይ ሲመታ ከሰማችሁ፣ ወይም ኩርባ ላይ ጎማው ወደ ጎን ሲጣመም ከተሰማችሁ፣ አልፋችኋል፤ ሁለት ፒኤስአይ ጨምሩ። ያገኛችሁትን ቁጥር ጻፉት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ?

አሁን ወደ እሾሁ እንመለስ። በቱብለስ ጎማ ውስጥ ማሸጊያ ፈሳሽ ይጨመራል። እሾህ ሲበሳው ፈሳሹ ወደ ቀዳዳው ሮጦ ይደፍነዋል። ይህ ፈሳሽ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ይደርቃል፤ እንደ ሐታ ባለ ሞቃት አገር ደግሞ ቶሎ ይደርቃል። ስለዚህ በየሁለት ወይም በየሦስት ወሩ ከፍታችሁ እዩ። ማሸጊያው ቢኖርም መለዋወጫ ከመነዳሪና ትንሽ ፓምፕ ይዛችሁ ውጡ።

ቁጥሮቹን ማንበብ

በጎማው ጎን ላይ ለምሳሌ «29 x 2.4» ተብሎ ይጻፋል። የመጀመሪያው ቁጥር የመንኮራኩሩ መጠን በኢንች፣ ሁለተኛው የጎማው ስፋት ነው። ከአጠገቡ «61-622» የሚል ሌላ ጽሑፍ ታያላችሁ። 61 ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው፤ 622 ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ስፋት ነው። በዚህ ሁለተኛ ቁጥር ተማመኑ፤ ከቸርኬያችሁ ጋር አንድ መሆን አለበት። ለ27.5 ኢንች 584፣ ለ26 ኢንች ተራራ ብስክሌት 559፣ ለ24 ኢንች የልጆች ተራራ ብስክሌት 507፣ ለ20 ኢንች 406 የተለመዱ ናቸው።

ሰፋ ያለ ጎማ ልትገዙ ካሰባችሁ አሁን ባለው ጎማና በብስክሌቱ አካል መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ። አዲሱ ጎማ ከገባ በኋላ በየጎኑ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት መቅረት አለበት። አለበለዚያ ጭቃና ጠጠር እየገባ የብስክሌቱን አካል ይፍቃል።

ጎማ የማይፈታው ችግር

አንድ ነገር ይቀራል። ሸክላ አፈር ላይ ያለ መንገድ ሲረጥብ፣ የትኛውም ጎማ ቢሆን ይጎዳዋል። የጭቃ ጎማ እናንተን ከመውደቅ ሊያድን ይችላል፤ መንገዱን ግን አያድንም። ጎማው ጥልቅ ቦይ ትቶ ያልፋል። ቦዩ ሲደርቅ እንደዚያው ይጠነክራል፤ በሚቀጥለው ዝናብ ውኃ ይሄድበትና ይሰፋል። ፋውንቴንሄድ መሬቱ እርጥብ ሲሆን ለብስክሌት የሚዘጋው ለዚህ ነው። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን አረጋግጡ። ክፍት ሆኖም ጎማችሁ ጥልቅ ዱካ እየተወ ከሆነ ወደኋላ ተመለሱ።

ብዙዎቹ የጫካ መንገዶች የሚጠገኑት በበጎ ፈቃደኞች ነው፤ ቅዳሜና እሑድ አካፋና ዶማ ይዘው ይወጣሉ። አንድ ቀን ቤተሰባችሁን ይዛችሁ አብራችሁ ሥሩ። አፈሩን የሚያውቅ አባትና አያት እዚያ አስተማሪ ይሆናል። ውኃው መንገዱን ሳያፈርስ ወዴት መፍሰስ እንዳለበት ያረሰ ሰው ያውቀዋል።

የዛሬ ቃላት

ጎማ፣ ቸርኬ፣ ከመነዳሪ፣ ፍሬንና ብስክሌት የሚሉት ቃላት ከጣልያንኛ ወደ አማርኛ የገቡ ናቸው። የሚከተሉትን ከወላጆቻችሁ ጋር አንብቧቸው፤ በእያንዳንዱም አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።

ቸርኬ፦ ጎማው የሚገጠምበት የብረት ክብ።
ከመነዳሪ፦ በጎማው ውስጥ ያለ አየር የሚይዝ ስስ ላስቲክ።
ጎሚስታ፦ ጎማ የሚጠግን ባለሙያ።
ተነፈሰ፦ አየሩ ወጣ። «ጎማው ተነፈሰ» ይባላል።
ሊሾ፦ ልሙጥ የሆነ ነገር። ጥርሱ ያለቀ ጎማ «ሊሾ ሆነ» ይባላል።
ኮረት፦ የተሰባበረ ድንጋይ፤ ከጠጠር ተለቅ ይላል።
ድጥ፦ የሚያንሸራትት መሬት።
ማጥ፦ የሚውጥ ጥልቅ ጭቃ።

የቤት ሥራም አለን። በዚህ ቅዳሜ ወደምትነዱበት መንገድ ሂዱና አንድ እፍኝ አፈር አንሡ። አባታችሁን ወይም እናታችሁን «ይህ ምን ዓይነት አፈር ነው?» ብላችሁ በአማርኛ ጠይቋቸው። ከዚያ የብስክሌታችሁን ሁለት ጎማዎች እያሳያችሁ የትኛው ለዚህ አፈር እንደሚሆን እናንተ ንገሯቸው። ሄልሜታችሁን እንዳትረሱ!

በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።